አላስጨርስ ያለችው ሴትዮ

«ቁሙ! ቁሙ! ጓዲት ኤሌኒ፣ አሁንም ዘገየሽ!»

ጓድ ቸኮል በቀርከሃ ዘንጉ ጠረጴዛውን ደጋግሞ መታው። የጋሽ ጉርሜሳ አኮርዲዮን አንገቱን እንደያዙት ሰው ሲጥ ብሎ ዝም አለ። በቀበሌው አዳራሽ የቆርቆሮ ክዳን ላይ የነሐሴ ዝናብ ያለ ዕረፍት ይንደቀደቃል።

«አብዶ ‹ምርታችን ይጨ› ሲል አንቺ ትገቢያለሽ። ‹ይጨምር› እስኪል አትጠብቂም። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ቃሉን ሳይጨርስ?» አለች ኤሌኒ።

«ሳይጨርስ!»

አብዶ እጁን አወጣ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ገና ከወፈረ መንፈቅ ስላልሞላው ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ሊያሰማው ይወዳል። «ኧረ ጓድ ቸኮል፣ ልጨርስ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ‹ይጨ› ብዬ ቀረሁ እኮ። ሰው ሊያስነጥሰው ነው ይለኛል።»

ተቀባዮቹ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ጓድ ቸኮል ግን ፊቱን አልፈታም።

«ይህን ዜማ ያፈለቅሁት እኔ ነኝ» አለ፣ የካኪ ኮቱን እየጎተተ። «ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ሴቷ ወንዱን የምትቀድመው በስሕተት አይደለም፤ በዓላማ ነው። አብዮታዊ ጥድፊያ ይባላል። አብዮት ማንም ቃሉን እስኪጨርስ ቆሞ አይጠብቅም!» ከዚያ ወደ አኮርዲዮኑ ዞረ። «ጓድ ጉርሜሳ፣ እስኪ ልጆቹ እንዲይዙት ቀስ አድርገህ ተጫወተው። የማርሹን ምት ተወው።»

ጋሽ ጉርሜሳ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ድሮ በአንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ነበሩ፤ አሁን የቀበሌው ዘበኛ ናቸው። «አንተ» መባላቸውን እንዳልሰሙ ሆነው አኮርዲዮኑን በቀስታ ዘረጉት።

ዜማው ካኪውን አውልቆ በቤት ልብሱ የቆመው ያኔ ነው።

ኤሌኒ በሁለት እጇ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ሦስት ቀን ሙሉ በሰልፍ ምት ሲረገጥ አላወቀችውም ነበር። አሁን ግን ረጋ ሲል፣ መጀመሪያ ዝቅ፣ ከዚያ እንደ መንገራገር ብሎ ከፍ፣ ከዚያ ረዘም… ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ቁርጥ! ይህን ዜማ ታውቀዋለች። ንፋስ ስልክ ከዳር እስከ ዳር ቢሰለፍ ይህን ዜማ የእሷን ያህል የሚያውቅ አይገኝም። ያቺን ቁርጥ ያለች ቦታ የሠራቻት ራሷ ኤሌኒ ናታ!

አባቷ አቶ ገብረ መድኅን የዘፈኑን ሸክላ የገዛው በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ እናቷን ባገባበት ሳምንት ነው። ዘፋኞቹ የአሜሪካ ጥቁሮች ናቸው፤ አንድ ወንድ አንዲት ሴት እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ሽፋኑ ላይ ሰውየው ቡናማ ኮት፣ ሴትዮዋ ብጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይስቃሉ። ኤሌኒ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ቤት ብቻዋን ቀረች። አባቷ የሸክላ ማጫወቻውን ክንድ አንሥቶ መርፌውን እንዴት እንደሚያሳርፍ ስታይ ስለኖረች እሷም ሞከረች። እጇ ተንሸራተተ። መርፌው ሦስተኛው ዘፈን ላይ የጥፍር ያህል ጭረት አበጀ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰውየው ያቺን ዜማ ጀምሮ ድምፁን ሲያስረዝም መርፌው ይዘላል፤ ሴትዮዋም እንዳቋረጠችው ሆና ትገባለች። አባቷ አልመታትም። እናቷ ደግሞ ጭራሽ በሳቅ ወደቀች። «ይኸው! አላስጨርስ አለችው!» አለች። የሸክላው ስም በዚያው ወጣ፤ በነሱ ቤት «አላስጨርስ ያለችው ሴትዮ» ተባለ። እሑድ እሑድ አባቷ የሰውየውን ይዘፍናል፤ ጭረቱ ጋ ሲደርስ እናቷ የምትተኩስበትን ካውያ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ ትቆርጠዋለች። እንግሊዝኛውን ሁለቱም በወጉ አያውቁትም። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም።

አምና በክረምት ጓድ ቸኮል ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ለፍተሻ መጣ። መሣሪያ ሲፈልግ ያገኘው ሸክላውን ነው። «የኢምፔሪያሊዝም መርዝ!» ብሎ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠለጠለው። በሳምንቱ እሑድ አባቷ እዚሁ አዳራሽ፣ ኤሌኒ አሁን በቆመችበት ቦታ ቆሞ፣ ጓድ ቸኮል የጻፈለትን ግለ ሂስ አነበበ። «እኔ ገብረ መድኅን… በአድኃሪ ሙዚቃ ቤተሰቤንና ጎረቤቴን በክያለሁ…» ሰው አጨበጨበ። ጓድ ቸኮልም የተሰበሰቡት ሸክላዎች በሙሉ ተሰባብረው መቃጠላቸውን አበሠረ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ጢሙን ሲላጭ እንኳ አፏጭቶ አያውቅም።

እንዲያ ከሆነ ታዲያ ይህ ዜማ ከየት መጣ? አልተሰበረማ! ጓድ ቸኮል በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ መርዙን በማንኪያ ሲልስ ከርሟል። መስረቁስ ይሁን። ጭረቷን ሳይቀር ሰርቋል! የሰባት ዓመት ልጅ እጇ አዳልጧት ያበላሸችውን «አብዮታዊ ጥድፊያ» ብሎ ሊያስተምራት ቀርከሃ ይዞ ቆሟል!

«ጓዲት ኤሌኒ፣ ምነው ቀላሽ?»

«ሞቆኝ ነው» አለች። ዝናቡ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ እግሯ ሥር ይንጠባጠባል።

*

ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ትሩፋት ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ተመልሳ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አባቷ የተበላሸ ጃንጥላ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሽቦ ያቃናል። ኤሌኒ ደብተሯን አልጋው ላይ ወረወረችና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

አባቷ ጃንጥላውን አስቀመጠ። ኤሌኒ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ጠረጴዛውን ይመታል፣ «እንዴት ተደፈርኩ!» ይላል ብላ ጠበቀች።

«አልተሰበረም በይኛ!» አለ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ። «ጭረቷ አለች? እርግጠኛ ነሽ?»

«አባዬ!»

«እኔ እኮ… እሳቱ ውስጥ ሲጥሉት እያሰብኩ ነው የከረምኩ። ደህና ነው ማለት ነው። እንደው በእርጥብ ጨርቅ እንዳይጠርገው እንጂ።»

«እንዴ! ሰውዬው አዋርዶህ፣ አስጨብጭቦብህ፣ አሁን ደግሞ ‹ድርሰቴ› ብሎ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ለከፍተኛው የቀበሌዎች ውድድር ሊያቀርበው ነው! አንተ እርጥብ ጨርቅ ትላለህ?» እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። «ተነሥቼ እናገራለሁ። በሰው ፊት ‹ሌባ› እለዋለሁ።»

የአባቷ ፊት መልሶ ጠፋ። «አትናገሪም። ለማን ትናገሪያለሽ? ከሳሹም ዳኛውም እሱ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ዝም አይነቅዝም እያልን ነው የነቀዝነው» አለች እናቷ፣ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እየጫነች።

«አንቺ ደግሞ፣ እኔ እኮ የምለው…»

«ምን ልትል ነው? ‹ለልጄ ብዬ ነው› ልትል ነው። እሱን እናውቃለን።»

«አላስጨርስ አለችኝ» አለ አባቷ በዝግታ። ይህ ቃል በዚህ ቤት ከተነገረ ዓመት አልፎት ነበር።

*

በማግሥቱ ኤሌኒ ልምምዱ ሳይጀመር ቀድማ ደረሰች። ጓድ ቸኮል የግድግዳ መፈክር ያሰቅላል።

«ጓድ ቸኮል፣ አምና የተሰበሰቡት ሸክላዎች የት ደረሱ?»

መሰላሉን የያዘበት እጁ ቆመ። ጆሮው ከጫፉ ጀምሮ ቀላ።

«ተሰባብረው ተቃጥለዋል። ሕዝብ የሰማውን ነገር ምን ያስጠይቅሻል?»

«እንዲሁ ነው።»

ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አንቺ ጥሩ ድምፅ አለሽ። ይህን ውድድር ካሸነፍን ስምሽ ይነሣል። ካበላሸሽው ግን ማን እንዳዘዘሽ እንጠይቃለን። አባትሽ ግለ ሂስ ያደረገው አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ግለ ሂስ የሚባል ነገር የለም። ገባሽ?»

ገብቷታል። የዚያን ቀን በተባለችው ቦታ፣ በተባለችው ቅጽበት፣ አብዶን እየቆረጠች ዘፈነች። ጓድ ቸኮል «ይኸው! ይኸው ነው ጥድፊያ!» እያለ አጨበጨበላት። ያ ጭብጨባ ለአባቷ ከተጨበጨበው ጋር አንድ ሆኖ ተሰማት።

ሲበተኑ ጋሽ ጉርሜሳ አኮርዲዮኑን በጆንያ እየጠቀለሉ ለብቻቸው ያጉረመርማሉ።

«ምን አሉ ጋሽ ጉርሜሳ?»

«ይቺ ዜማ ታነክሳለች» አሉ። «አርባ ዓመት ጣቴ ሙዚቃ ላይ ነው። ደረጃ ስትወርጂ በጨለማ አንድ እርከን ቢጎድል እግርሽ አየሩን ይረግጥ የለም? እዚያች ቦታ በደረስኩ ቁጥር እንደዚያ እሆናለሁ። ለጓድ ነገርኩት፤ ‹አንተ አብዮታዊ ሙዚቃ አይገባህም› አለኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ኤሌኒ ሴትዮዋ ከመግባቷ በፊት ሰውየው ምን እንደሚል ለማስታወስ ሞከረች። አንዲት ነጠላ ድምፅ እንኳ አልመጣላትም። ከሰባት ዓመቷ በፊት ሰምታው ይሆናል፤ ግን ጭረቷ ከሸክላው ላይ ብቻ ሳይሆን ከጭንቅላቷም ላይ ፍቃዋለች።

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፤ እውነት መሆኑም ይበልጥ አናደዳት።

*

የአብዮት በዓሉ ዋዜማ፣ መስከረም አንድ፣ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ወጣች። በላፍቶ በኩል ያለው የጤፍ እርሻ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል፤ የፉሪ ተራራ ጭጋጉን አውልቆ ቁልጭ ብሏል። ኤሌኒ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አበባ ለመቅጠፍ እንኳ አልወጣችም።

«አልዘፍንም» አለች፣ አባቷ መጥቶ አጠገቧ ሲቀመጥ። «አሞኛል እላለሁ።»

«ካልዘፈንሽ በአንቺ ቦታ ሌላዋ ትዘፍነዋለች። ዜማው አይቀርም።»

«ይዝፈኑት። የእኔ አፍ ግን አይሰርቅህም።»

አባቷ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ከጓዳ የእናቷ የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ወዲያው ግን ቆመ። እያዳመጠች ነው።

«አንቺ የምታውቂው የተጫረውን ነው» አለ አባቷ። «እሱም እንደዚሁ። ሙሉውን የምናውቅ እኔና እናትሽ ብቻ ነን። ሰውየው እዚያች ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ይጠይቃታል። ቃሉን አትጠይቂኝ፤ ዜማው ግን ጥያቄ ነው። እሷ የምትገባው ለመመለስ ነበር። ጭረቷ ጥያቄውን በላችው።»

«እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ያልተጠየቅሁትን ስመልስ ነው የኖርኩ?» አለች እናቷ ከበሩ ሥር።

አባቷ ሳቀ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ከንፈሩን አሾለ።

ማፏጨት ጀመረ። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ፤ ዓመት ሙሉ የዛገ ፉጨት ነው። ከዚያ መጣ። እንደ ለመደችው ዝቅ አለ፣ ተንገራገረ፣ ከፍ አለ፣ ረዘመ። ጭረቷ ጋ ደረሰና አልተቆረጠም። እንደ ሰው እርምጃ አንድ በአንድ ወረደ፤ ታች ደርሶ ትንሽ ቆመና በአንዲት ቀጭን ድምፅ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ እንደገና ቀና አለ። እዚያ ላይ አቆመው።

ኤሌኒ ትንፋሿን ይዛ ቀረች። በዕድሜዋ ሁሉ ስትሰማው የኖረችው ዘፈን እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ ደብቆ ኖሯል።

«ድገመው» አለች።

ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «ጭረቷን ባላበጀሽ ኖሮ ዜማው ከእኔ ሸክላ መወሰዱን እንኳ አናውቅም ነበር። አንቺ አታልቅሺ።»

*

የከፍተኛው አዳራሽ በሰው ተጨናንቋል። ከፊት ረድፍ ዳኞቹ፣ ካኪ በካኪ ሆነው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመድረኩ ጀርባ ኤሌኒ አብዶንና ጋሽ ጉርሜሳን ጥግ ይዛ በሹክሹክታ አዜመችላቸው።

ጋሽ ጉርሜሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው በአኮርዲዮኑ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ወረዱ፤ ታች ሲደርሱ ቀና አሉ። «እርከኗ!» አሉ። «እዚህ ነበረች ለካ!»

«ቃል የለውም እኮ፤ ምን ልበል?» አለ አብዶ።

«ቃል አያስፈልገውም። ‹ይጨምር› በልና ዜማውን ይዘህ ውረድ።»

«በመጨረሻ ልጨርስ ነው?» ጥርሱ በሙሉ ታየ፤ ከዚያ ጥርሱ ቀስ ብሎ ገባ። «ጓድ ቸኮል ቢቀውጠውስ?»

«ያልገባሁት እኔ ነኝ። ‹እሷ ረሳች፣ እኔ ሸፈንኩላት› ትላለህ። እኔም ረሳሁ እላለሁ። ዳኞቹ የተበላሸ ነገር አይሰሙም፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።»

«እሱ አንድ ሰው ግን እኮ…» አለ አብዶ። አልጨረሰውም።

«እኔስ» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ፣ ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «ዓይኔ ጣቴ ላይ ነው። የማንንም ዘንግ አላይም።»

ተጠሩ። «ቀጥሎ በጓድ ቸኮል ድርሰትና ዜማ…» የሚለው ድምፅ በማይክሮፎን ሲያስተጋባ ኤሌኒ ጥርሷን ነከሰች። መብራቱ ዓይኗን ወጋት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አባቷ ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። እናቷ ከጎኑ አገጯን ቀና አድርጋለች። ጓድ ቸኮል ከመድረኩ ግርጌ ቀርከሃውን አነሣ።

ማርሹ ተጀመረ። አንደኛው አንጓ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የኤሌኒ ድምፅ ከጠበቀችው በላይ ጠራ። ጭብጨባ ተነሣ። አብዶ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ምርታችን ይጨ…»

ቀርከሃው ወደ እሷ ተቀሰረ፤ ግቢ! የጓድ ቸኮል ዓይን ፈጠጠ። ግቢ እንጂ! አሁን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሁሉም ነገር እንደታዘዘው ይሆናል። አባቷ ሰላም ያድራል፤ ጓድ ቸኮል ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ ጭረቷም ለዘላለም የእሱ ድርሰት ሆና ትቀራለች። ሁለተኛ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ኤሌኒ ከንፈሯን ገጠመች። ፊቷን ከቀርከሃው አዙራ አብዶን አየችው።

«…ይጨምር» አለ አብዶ፣ ወረደም። አኮርዲዮኑ ማርሹን ለቅቆ አብሮት አንድ በአንድ ወረደ። ቀርከሃው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ የጓድ ቸኮል ጆሮ ከጫፉ ጀምሮ ሲቀላ ከመድረኩ ላይ ሆና አየችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማው ነው፤ «ድርሰቱ» ይህን በውስጡ መያዙን አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ረድፍ የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። በዚያ በወጉ በማያውቀው እንግሊዝኛ ከአብዶ ጋር እየወረደ ነው። እናቷ አጠገቡ አፏን ከፈት አድርጋለች፤ ግን አልቀደመችውም። ትጠብቀዋለች።

አባቷ ታች ደረሰ። ትንሽ ቆመ። ቀና አለ።

ኤሌኒ ያን ጊዜ ልትመልስ ትንፋሿን ሳበች።